ወደ ግራ የምትሸሸው መኪና፦ የኅዳር ወር የሥራ ማስታወሻ

መኪናዋ የእኅቴ ልጅ የማሙሽ ናት። አባቱ ከዱባይ ሲመለስ ያመጣለት፣ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የምታክል፣ በሪሞት የምትታዘዝ፣ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትነዳ፣ ለአቧራና ለጉድጓድ የተሠራች የአሻንጉሊት ቡጊ ናት። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ 40 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ከነባትሪዋ 1,640 ግራም ትመዝናለች፤ የመዘንኳት በአከራያችን በእትዬ የበርበሬ ሚዛን ነው። ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ተኝታ ኖራለች። ለምን እንደተወት ማሙሽን ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «ወደ ግራ ትሸሻለች።»

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መካኒክ አይደለሁም። የምጽፈው የሠራሁትን በሠራሁበት ቀን ማታ ስለሆነ የተሳሳትኩትንም ሳላርም ትቼዋለሁ።

ኅዳር 1 ቀን 2017፣ እሑድ

ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የኳስ ሜዳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ። መሐሉ በስሱ አቧራ የለበሰ ደረቅ መሬት ነው፤ ዳርና ዳሩን የክረምት ጎርፍ ቦርቡሮታል። አንደኛው ጎን ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር ስላለ መኪናዋን እሱ ላይ አስቀመጥኳት። ሪሞቱ ላይ ያሉትን ማስተካከያዎች ሁሉ ዜሮ አድርጌ፣ መሪውን ሳልነካ አሥር ሜትር ነዳኋት። ከመስመሩ ወደ ግራ ሦስት ሜትር ተኩል ወጥታ ቆመች። አራት ጊዜ ደገምኩት። በአራቱም መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ስንዝር አይበልጥም።

ይህ ደስ አሰኘኝ። አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ብትል ኖሮ አንድ የላላ ነገር አለ እል ነበር፤ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ከሸሸች ግን የተጣመመ ነገር አለ። የላላን ነገር ቀን ሙሉ ሲፈልጉት ይዋላል፣ የተጣመመ ግን በሜትር ይገኛል ብዬ አሰብኩ። አሁን ይህን ስጽፍም የማምነው እንደዚያ ነው።

ሌሎች ሁለት ችግሮችም አሉ። ጎርበጥባጣ መሬት ላይ የኋላ ክፍሏ እንደ ፌንጣ ይዘላል። በተጨማሪም ወደ ቀኝ አጥፌ መሪውን ስለቀው የፊት ጎማዎቹ መሐል ሳይደርሱ ትንሽ ወደ ቀኝ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ወደ ግራ ሳጥፍ ደግሞ ወደ ግራ።

የምጀምረው ከሞላውና ከሾክ አብዞርበሩ ነው። የመኪናዋ ከመሬት ከፍታ ሲለወጥ የመሪ ዘንጎቹ ማዕዘን አብሮ ይለወጣል፤ መሪውን አስቀድሜ ባስተካክል ሞላውን በነካሁ ቁጥር ይፈርስብኛል።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ፈታታኋት። መጀመሪያ የታገሉኝ ብሎኖቹ ናቸው። ጭንቅላታቸው ተራ መስቀል ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናዋ የጃፓን ሥሪት ናት፣ የጃፓን መስቀልም ከእኛ ካቻቢቴ ጋር አይገናኝም። የእኛው ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ጎኖቹ ሳይነክሱ ጫፉ ቀድሞ ታች ይደርስና ይንሸራተታል፤ ሁለቴ ሲንሸራተት ብሎኑ ራሰ በራ ይሆናል። አንድ ብሎን እንደዚያ ካበላሸሁ በኋላ የካቻቢቴዬን ጫፍ በሞረድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መታሁት። ጥርቅም ብሎ ገባ።

ዕቃዎቹን ሁሉ በነጭ ጋዝ አጠብኩ። ሾኮቹን ነቅዬ ጎማዎቹን የያዙትን አራቱን ክንዶች አንድ በአንድ ወደ ላይ አንስቼ ለቀቅኳቸው። ሦስቱ በራሳቸው ክብደት ወደቁ። የቀኙ የኋላ ክንድ ትንሽ ይከብዳል። አቧራ መሆን አለበት፤ ለቀለቅኩት፣ ተሻለው።

የፌንጣው ምስጢር ቶሎ ተገኘ። የኋላ ግራ ሾክ ውስጡ ባዶ ነው፣ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። የቀኙ ግማሽ አለው፤ የቀረውም ጠቁሮ እንደ ቡና አተላ ሆኗል። ሞላ ብቻውን የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይወረውራል፤ የሚያስታግሰው ዘይቱ በፒስተኑ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ሲያልፍ ነው። ዘይት ከሌለ መኪናዋ በአራት ሞላ ላይ የተቀመጠች ሳጥን ናት።

ዘይት ከየት ይምጣ? የግቢያችን ጋሼ ለአርባ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠርሙስ ይዘው መጡ። «ሾክ ማለት ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ይኸው» አሉኝ። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት። ለእንደዚህ ዓይነት ሾክ ከ30 እስከ 40 ቁጥር ይደረጋል የሚል አንብቤ ስለነበር ቁጥሩ ገጠመልኝና ሞላሁት።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ጠዋት ብርዱ ሳይሰበር ሞከርኳት። የኋላዋ ድርቅ ብሏል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥማት ሞላው ሳይሰራ መላ አካሏ ይነሣል። ተመልሼ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ሞከርኳት፤ ፌንጣዋ ተመልሳ መጥታለች። በአንድ ቀን ሁለት መኪና ነዳሁ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

የቁጥሩ ተንኮል ገባኝ። በሞተር ዘይት ጠርሙስ ላይ ያለው 40 የሚለካው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ነው። የአሻንጉሊት መኪና ሾክ 40 ግን የሲሊኮን ዘይት ቁጥር ነው፤ የሚለካውም በክፍል ሙቀት አካባቢ ነው። ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የሞተር ዘይት ሲበርድ ማር፣ ሲሞቅ ውኃ ይሆናል፤ ሲሊኮን ግን በኅዳር ማለዳና በኅዳር ቀትር መካከል ያን ያህል አይለዋወጥም።

የከፋው ሌላ ነው። ሾኩን ስከፍተው ዘንጉን የሚያቅፈው ኦሪንግ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ አብጧል፤ ዘንጉ በጣት ተገፍቶ አይገባም። የማዕድን ዘይት አንዳንዱን ለስላሳ ጎማ እንደሚያሳብጥ በጆሮዬ አውቅ ነበር፤ አሁን በጣቴ አወቅኩት። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ማሙሽ ግን ነገራቸው።

ወደ ዱባይ መልእክት ላክሁ። የማሙሽ አባት ሰው ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ የሲሊኮን ዘይትና አንድ ፓኬት ኦሪንግ እልካለሁ አለ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። እትዬ ከማለዳው ጀምረው ግቢውን ጠርገው፣ ቆሻሻውን በበሩ ፊት ከምረው ለኮሱ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያረግፍ በጭስ ይባረራል ተብሎ የተጀመረው ልማድ እስከ ዛሬ አለ፤ ከተማው ሁሉ ያስላል። ማታ ከሥራ ስገባ ደረጃው ሥር ያስቀመጥኩት ፌስታል የለም። ውስጡ ሞላውን ከላይ የሚጫኑት የፕላስቲክ ቀለበቶች ነበሩ።

«የእኔ ልጅ፣ ፌስታል መስሎኝ» አሉ እትዬ። ፌስታልማ ነበር።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዘይቱ መጣ፦ አንዱ 350፣ ሌላው 500 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ሴንቲስቶክስ፣ የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው። በሌላው አቆጣጠር 30 እና 40 የሚባሉት በግምት እነዚሁ ናቸው። ለፊት 500፣ ለኋላ 350 መረጥኩ። ሞተሩና ባትሪው ወደ ኋላ ስላሉ ክብደቷ እዚያ ነው፤ ታዲያ ለምን ቀጭኑን ለኋላ? የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ መሬቱን ሳይለቁ ጉድጓዱን ተከትለው ቶሎ መውረድና መውጣት አለባቸው። ይህ ግምቴ ነው፣ ሜዳው ይፈርዳል።

አሞላሉን ልጻፍ፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ያበላሸሁት አንዱ እዚህ ነውና። ሾኩን ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ወጥቶ በሞርሳ ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ አቆምኩት። እስከ አፉ ሞላሁ። ከዚያ ዘንጉን በጣም ቀስ ብዬ ወደ ላይና ወደ ታች አመላለስኩ። ከፒስተኑ ሥር እንደ ስንጥር የቀጠኑ አረፋዎች ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ቸኩሎ የሚያመላልስ ሰው አዲስ አረፋ ይፈጥራል። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበርና አቦሉን ጠጥቼ እስክመለስ ተውኩት። ስመለስ ከላይ የሰፈፉት ጠፍተዋል፤ እንደገና ሳንቀሳቅሰው ሌላ ሦስት ወጣ። ሁለተኛውን ለቶና ተውኩት። ዘንጉን ግማሽ ድረስ አስገብቼ ክዳኑን በዝግታ ጠበቅኩ፤ ትርፉ ዘይት በክሩ በኩል ተንጠፍጥፎ ወጣ። አየር የቀረበት ሾክ ሲገፉት «ጭስ» የሚል ድምፅ አለው፤ የእኔዎቹ ዝም አሉ።

ጥንዶቹ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሁለቱን ሾኮች ያለ ሞላ፣ ዘንግ ከዘንግ ጫፍ ለጫፍ አግጥሞ በሁለት እጅ እኩል መግፋት ነው። ደካማው ቀድሞ ይገባል። የፊቶቹ እኩል ሄዱ። ከኋላዎቹ ግራው ቀደመ፤ ከፍቼ ደግሜ ሞላሁት፤ አንድ የሽንብራ ፍሬ የምታክል አረፋ ነበረችበት።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ለተቃጠሉት ቀለበቶች ምትክ ሠራሁ። የእስክሪብቶ ቀፎ ሾኩ ላይ አይገባም፤ ጠበበ። የማርከር ቀፎ ልክ ሆነ። በሴጌቶ ቆርጬ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ በጎን ሰንጥቄ ሾኩ ላይ ከጎን እንዲገባ አደረግሁት። ባለ ሁለትና ባለ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከእያንዳንዱ አራት አራት።

ብዙ ሰው ቀለበት ሲጨመር ሞላው የሚጠነክር ይመስለዋል፤ እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ሞላው ያው ሞላ ነው። ቀለበቱ የሚያደርገው መኪናዋን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ልኩን ያገኘሁት ከአንድ ስንዝር ከፍታ በሰድር ላይ ጥዬ ስትረጋጋ በማየት ነው። ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚሄዱት ዘንጎች ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆኑ አቆምኩ፤ ከኋላ በሁለቱም በኩል አራት አራት ሚሊ ሜትር ወሰደ። ከፊት ሁለት ሁለት በቃ።

ቀጥሎ የቢላዋ ፈተና። የቢላዋ ጫፍ በአፍንጫዋ ሥር፣ ልክ መሐሉ ላይ አግብቼ ቀስ ብዬ አነሣሁ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መሬት መልቀቅ አለባቸው። ቀኙ ቀድሞ ለቀቀ። ከኋላም አነሣኋት፤ እዚያ እኩል ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ቀለበት ስለዋውጥ ቆይቼ ጥፋተኛውን አገኘሁት፦ የፊት ግራው ቀለበቴ ባለ ሁለት ሚሊ ሳይሆን ባለ ሦስት ነው፤ አጣምሜ ቆርጬዋለሁ። የራሴን ስሕተት ከመኪናዋ ስፈልግ ነበር።

ማታ ሜዳ ላይ፦ ፌንጣዋ ሞታለች። ጎርፍ የቦረቦረውን ስታልፍ ጎማዎቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ገላዋ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። ማሙሽ አጨበጨበ። በኖራው መስመር ላይ ግን ሦስት ሜትር ከሃያ ወደ ግራ። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ ተሻሽላለች።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

መብራት የለም። ባትሪውም ቻርጅ አልተደረገ። ተኛሁ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጽዮን ማርያም ናት፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ከሰዓት በኋላ መሪውን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ዘንጎቹን ሁሉ መሪውን ከሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ ከሰርቮው፣ ነቀልኩና ሰርቮውን ብቻውን አበራሁት። ሪሞቱ መሐል ሲሆን የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር የሚልክለት ምት 1.5 ሚሊ ሰከንድ ይረዝማል፤ ሰርቮው የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው፤ ጎማው የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ መሐል ላይ ቆሞ ሳለ ነው የመሪ ዘንጎቹን የሚገፋው የራሱ ክንድ በቀጥታ መተከል ያለበት። የሰርቮው ዘንግ 25 ጥርስ አለው፤ አንድ ጥርስ ማለፍ 14.4 ዲግሪ ማለት ነው። ክንዱ በአንደኛው ጥርስ ትንሽ ወደ ግራ፣ በሚቀጥለው ብዙ ወደ ቀኝ ይሆናል። የቀረበውን ተክዬ የቀረውን ለዘንጎቹ ርዝመት ተውኩት።

መሪው መሐል የማይመለስበት ምክንያት ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱ የጠበቀ ነው። የግራ የመሪ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ከማቀፊያዋ ውስጥ አቧራ ውጣ በግድ ትዞራለች። ነቅዬ አጠብኳት፤ አሁንም ጠበቀች። ማቀፊያውን ከነኳሱ በፒንሳ ቀስ ብዬ ጨመቅ አደረግሁት፤ አንዴ ብቻ፣ ጠጅ እንደሚጠምቅ ሰው በትዕግሥት። ዘንጉን አግድም ይዤ ስለቀው በራሱ ክብደት ወደቀ።

ሁለተኛው የላላ ነው። በመሐል ያለው የመሪ ክራንክ በብረት ዓምድ ላይ ይዞራል፤ የፕላስቲክ ቀዳዳው በአቧራ ተፈግፍጎ ሰፍቷል፣ ሲነካኩት ይላወሳል። ጎማውን በጣቴ ስይዘው ሰርቮው ሳይነቃነቅ ወደ አራት ሚሊ ሜትር ይሄዳል። አዲስ ዕቃ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ዱባይን ደግሜ ማስቸገር ግን አልፈለግሁም። የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና ከቁርጥራጭ ሣጥኔ ነበር። አንቴና እርስ በርሱ የሚገባ የቱቦ ስብስብ ነው፤ አንደኛው ቱቦ ዓምዱ ላይ ልክ ይሆናል ብዬ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ከጫፍ ሦስተኛው ዓምዱን አቀፈው። የክራንኩን ቀዳዳ በሞረድ ጭራ ትንሽ አስፍቼ ሰባት ሚሊ ሜትር ቱቦ ቆርጬ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጎማው በጣት ሲነካ የሚሄደው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በዚህ ወር ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ማሙሽ ከጎኔ ሆኖ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ፣ «አጎቴ፣ ተመልከት፣ የቀኙ ጎማ ከግራው በላይ ታጥፏል። ይኸው ጥፋቷ!» አለኝ። ጥፋት አይደለም። መኪና ሲዞር የውስጡ ጎማ ከውጪው የጠበበ ክብ ይዞራል፤ ስለዚህ ይበልጥ መታጠፍ አለበት። ነገሩ ከመኪና በፊት ለፈረስ ሠረገላ የታሰበ ነው። የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር ፈለሰፈው፤ ለንደን ላይ በ1818 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር መብቱን ያስመዘገበው ወኪሉ አከርማን ስለነበር ስሙ ለወኪሉ ቀረ። ማሙሽ ስለ ሠረገላው ብዙም ግድ አልሰጠውም፤ ስሙ የተቀማው ሰው ግን አሳዘነው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

የዘንጎቹ ርዝመት። ሁለቱም ጫፋቸው ክር አለው፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚሄድ፤ ስለዚህ ዘንጉን ሳይነቅሉ ማዞር ይበቃል። ባለ ሦስት ሚሊ ሜትር ብሎን ክር በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ሁለት ጫፍ ስላለው አንድ ሙሉ ዙር አንድ ሚሊ ሜትር ያረዝማል ወይም ያሳጥራል። የግራው ዘንግ ከቀኙ በሁለት ሚሊ ሜትር ረዝሞ አገኘሁት። ማሙሽ መኪናዋን ቀጥ ለማድረግ ያዞረው መሆኑን ኋላ ላይ አመነ። እኩል አደረግኋቸውና ጎማዎቹን ከፊት በኩል በጣም ጥቂት ከፈትኳቸው።

ከዚያ አፍንጫዋን በእጄ ወደ ታች ጫንኩ። ጎማዎቹ እኔ ሳላዛቸው ከፊት ይበልጥ ተከፈቱ! ይህ ማለት በየጉድጓዱ መሪዋን ራሷ ትነካካለች። ምክንያቱ የመሪ ዘንጉና ጎማውን የያዘው ክንድ በተለያየ ቅስት መንቀሳቀሳቸው ነው፤ መድኃኒቱ የዘንጉን አንድ ጫፍ ከፍታ መለወጥ። ከውጪው ኳስ ሥር አንድ ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ጨመርኩ፤ መከፈቱ በግማሽ ቀነሰ። ሁለት ሚሊ ሜትር ሲሆን ጎማዎቹ ስጫንም ስለቅም ንቅንቅ አላሉም። ሦስት ብዬ ሞከርኩ፤ አሁን ወደ ውስጥ መግጠም ጀመሩ። በሁለት አጸናሁት።

ሜዳ። መሪው ይታዘዛል፣ መሐል ይመለሳል፣ ጉድጓድ ላይ አይንቀጠቀጥም። በኖራው መስመር ላይ ሁለት ሜትር ከዘጠና ወደ ግራ።

ሪሞቱን ልወረውረው ትንሽ ቀረኝ። ሦስት ሳምንት፣ አራት ሾክ፣ አንድ አንቴና፣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ሪሞቱ ላይ ያለውን ማስተካከያ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ቀጥ ብላ ሄደች። ግን ወደ ግራ ስትዞር ክቧ ጠባብ፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ሰፊ ነው፤ በተቀደደ ሱሪ ላይ ኮት መደረብ ነው።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ማሙሽ እየነዳት ሳለ ጋሼ ከበራቸው ብቅ አሉ። መኪናዋን አላዩም። መሬቱን አዩ። እትዬ ጠርገው ውኃ ያርከፈከፉበት አቧራ ላይ የጎማዎቹ ዱካ እንደ ማኅተም ታትሟል።

«ና እስቲ» አሉኝ። «የፊቱ ይኸ ነው፣ የኋላው ይኸ ነው። በግራ በኩል የኋላው ከፊቱ ዱካ ውጪ ምን ያህል ወጥቷል? በቀኝስ?»

ጎንበስ ብዬ ለካሁ። የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ ሰፊ ስለሆኑ በሁለቱም በኩል መውጣታቸው ያለ ነው። ግን በቀኝ የወጣው ከግራው ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ጭራዋ ወደ ቀኝ ተንሸራታ ነው የምትሄደው።

«አግድም ነው የምትሄደው» አሉ። «ኤንትሬውን የጭነት መኪና ስነዳ የባሌስትራው መሐል ብሎን ተቆርጦ የኋላው አክስል በአንድ ወገን ሲያፈገፍግ እንዲህ ነበር። ከኋላህ የሚመጣው ሹፌር ያየዋል፤ አንተ አታየውም። መሪ እያስተካከልክ ጅቡቲ ትገባለህ፣ ጎማህ ግን ያልቃል። የሚገፋው የኋላው ነው፤ ፊቱን ተወውና ኋላውን እይ።»

«ጋሼ፣ እርሷ እኮ የምትሸሸው ወደ ግራ ነው።»

«ጭራዋ ወደ ቀኝ ከሄደ አፍንጫዋ ወዴት ይሄዳል?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ሰድሩ ላይ መኪናዋን አቁሜ በግራና በቀኟ፣ ከመሐል መስመሯ እኩል ርቀት ላይ ሁለት ክር ወጠርኩ። ከክሩ እስከ የኋላ ጎማው የፊት ጠርዝ፣ ከዚያም እስከ የኋላ ጠርዝ ለካሁ። የግራው ጎማ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ የገባው 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ክብ ዲያሜትር 85 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሦስት ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተለመደ ልክ ነው፣ ጭራዋን የሚያረጋጋው ይኸው ወደ ውስጥ መግጠም ነው። የቀኙ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ፤ አንድ ዲግሪ። ግራው ጭራዋን ወደ ቀኝ በሦስት ይገፋል፣ ቀኙ ወደ ግራ በአንድ ይመልሳል፤ ትግሉን ግራው ያሸንፋል። ጤነኛው ጎማ ነው የሚያሸሻት፣ የታመመው ስላልመከተ።

ኅዳር 3 ላይ የጻፍኩትን መለስ ብዬ አነበብኩ። «አቧራ መሆን አለበት።»

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

የቀኙን የኋላ ክንድ የያዘውን የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመታሁ አወጣሁት፤ በእጅ አልወጣም። መስታወት ላይ ሳንከባልለው ይንከላወሳል፣ በመሐሉ ብርሃን ያሳልፋል። ማሙሽ ከደረጃ የጣላት ቀን የተጣመመ ነው፤ ቀኑን ያስታውሰዋል፣ ለእናቱ ግን እንዳልነግር አስምሎኛል።

መቶ በመቶ ቀጥ ያለ ባለ ሦስት ሚሊ ሜትር ብረት ያገኘሁት ከመሥሪያ ቤት ከተጣለ ፕሪንተር ውስጥ ነው። በሴጌቶ ቆረጥኩ፤ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ አንድ ምላጭ በላ። ጫፎቹን በሞረድ አድበልብዬ ትንሽ ግራሶ ቀብቼ አስገባሁት። ክንዱን አንሥቼ ለቀቅኩት፤ ጠብ አለ። በክር ለካሁ፦ ግራ 4.5፣ ቀኝ 4.3።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ሪሞቱን ወደ ዜሮ መለስኩ። የኖራው መስመር፣ አሥር ሜትር። አንደኛ ዙር 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ። ሁለተኛ መስመሩ ላይ። ሦስተኛ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፤ አንድ ጠጠር ረግጣለች። አራተኛውን ማሙሽ ነዳ፣ አልለካሁትም፤ በግብ ቋሚዎቹ መካከል አልፋ፣ የጎርፉን ቦይ ዘላ፣ በአራት እግሯ አርፋ ወደ ሰፈር አቀናች።

ጋሼን ልጠራቸው በራቸውን አንኳኳሁ። መጥተው ዱካውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘይቱስ?» አሉኝ። የሞተር ዘይቱን ማለታቸው ነው። ማሙሽ የነገራቸውን አልረሱም።

እንዳይጠፋኝ የመጨረሻውን ልክ እጽፋለሁ፦ ዘይት ከፊት 500 ከኋላ 350፤ ቀለበት ከፊት ሁለት ከኋላ አራት ሚሊ ሜትር፤ ከመሪው ውጫዊ ኳስ ሥር ሁለት ሚሊ ሜትር ሮንዴላ፤ የፊት ጎማዎች በአንድ ወገን ግማሽ ዲግሪ ክፍት፤ የኋላዎቹ በሦስት ዲግሪ ገጣሚ። የፊቱ ዘይት ለቀትር ትንሽ የወፈረ ይመስለኛል፤ በበጋው 350 እሞክርበታለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

እትዬ በሰሌን ላይ ያሰጡት በርበሬ መሐል ገብታ ተገኘች። ሞተሯ ውስጥ የገባውን በርበሬ በብሩሽ ሳራግፍ ሁለታችንም እያስነጠስን ነበር። ማሙሽ አፍንጫውን ይዞ፣ «አጎቴ፣ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ትሸሻለች» አለኝ።

የኋላ ግራ ክንዷን አንሥቼ ለቀቅኩት። ትንሽ ይከብዳል።